ጨዋነት አሽከርነት አይደለም፦ ለሲድኒ ፖይቲየር የቆመ ሙግት

ባለፈው ክረምት እዚህ ሜሪላንድ፣ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን «ጌስ ሁዝ ካሚንግ ቱ ዲነር»ን እያየን ነበር። ስድስት ነበርን፤ ሁላችንም ወይ እዚህ የተወለድን ወይ በልጅነታችን የመጣን የሐበሻ ልጆች። ፊልሙ ግማሽ እንኳን ሳይደርስ አንዱ ስልኩን እየነካካ «በቃ፣ ይሄ ሰውዬ የነጭ አሽከር ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ሳቅ አልዋጥልኝ አለ። ይሄ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የዘገየ መልስ ነው፤ ለጓደኛዬም፣ ለራሴም።

የምለው ነገር አጭር ነው። ሲድኒ ፖይቲየርን «ነጮች የወደዱት ጥቁር» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ስንፍና ነው። ክሱም አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1967 ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር ጸሐፌ ተውኔት፣ ነጭ አሜሪካ ፖይቲየርን ለምን እንዲህ እንደወደደው የሚጠይቅ ኃይለኛ ጽሑፍ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አውጥቶ ነበር። ሜሰን ቢያንስ ፊልሞቹን አይቶ፣ አንድ በአንድ አንስቶ ነው የተከራከረው። እኛ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አይተን ፍርዱን ብቻ ወረስን፤ ማስረጃውን ጣልነው።

ለከሳሾቹ የሚገባቸውን መጀመሪያ ልስጥ። አዎ፣ ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት ሰው አይመስሉም። በዚያ ማታ ያየነውን ፊልም ውሰዱ። ዶክተር ጆን ፕሬንቲስ በዓለም የታወቀ ሐኪም ነው፤ ልብሱ አይጨማደድም፤ ድምፁ አይጮህም። ሊያገባት የፈለጋት ነጭ ልጅ 23 ዓመቷ ነው፤ እሷ ግን ከቆንጆ ፈገግታ ሌላ ምንም እንድታሳይ አልተጠየቀችም። እሱ ይባስ ብሎ ለአባቷ «እናንተ ካልፈቀዳችሁ ጋብቻው ይቀራል» ይላቸዋል። ፍቅረኞቹ ሲሳሳሙ የምናየው አንዴ ነው፤ እሱንም በታክሲ መስታወት ውስጥ!

ደግሞ በ1958 የወጣው «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» አለ። ፖይቲየርና ቶኒ ከርቲስ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ እስረኞች ናቸው። ሰንሰለቱ ከተፈታ በኋላ ፖይቲየር የሚያመልጥበት ባቡር ላይ ወጥቶ ሳለ ለነጩ ሲል ይዘላል። ጄምስ ባልድዊን እንደሚተርከው፣ ነጭ ተመልካቾች ይሄን ትዕይንት ሲያጨበጭቡለት ሐርለም ያለው ታዳሚ ግን በንዴት እየጮኸበት ነበር። ሐርለሞች ልክ ነበሩ። እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

እሺ። ግን ያን ዝላይ ማን ጻፈው? ጸሐፊዎቹ ነጮች ነበሩ፣ ዳይሬክተሩ ነጭ ነበር፣ ስቱዲዮዎቹም የነጮች ነበሩ። ሆሊውድ በዚያ ዘመን ለጥቁር መሪ ተዋናይ ያዘጋጀው አንድ ወንበር ነበር፤ አንድ ብቻ። ከዚያ በፊት ለጥቁር ተዋንያን የነበረው ሥራ ደግሞ ሻንጣ መሸከም፣ በር መክፈትና ዓይን እያጉረጠረጡ ማሳቅ ነው። ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር ስትሸለም እንኳን የተቀመጠችው ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ጥግ ላይ ባለ ጠረጴዛ ነው። ወንበሩን የሠራውን ትተን የተቀመጠበትን ሰው መክሰስ ምን የሚሉት ፍትህ ነው?

ሰውየው ከየት እንደመጣ ደግሞ አስቡት። በ1927 ማያሚ ውስጥ፣ ያለ ቀኑ ተወለደ። ወላጆቹ ቲማቲም ሊሸጡ ከባሃማስ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ያደገው ኤሌክትሪክ በሌለበት ካት አይላንድ በሚባል ደሴት ነው። በ15 ዓመቱ ማያሚ፣ በ16 ዓመቱ ኒው ዮርክ ገባ፤ ብቻውን። ሳህን እያጠበ ኖረ። ሐርለም የነበረው የጥቁሮች ቴአትር ቤት ሊፈተን ሄዶ ሲያነብ እየተንተባተበ፣ በዚያ ከባድ የባሃማስ ቅላጼው ሲናገር ከመድረክ አባረሩት። ሂድና ሳህን አጣቢነት ወይም እንደዚያ ያለ ሥራ ፈልግ ተባለ። ያባረረው ሰው ልጁ እውነትም ሳህን አጣቢ መሆኑን አያውቅም ነበር። ፖይቲየር ኋላ ሲያስታውሰው፣ ያ ንግግር የነደፈው ሰውየው ገና ሲያየው ዕጣውን የጨረሰ ስለመሰለው ነው።

ምን አደረገ? ሬዲዮ ገዛ። የዜና አንባቢዎቹን አነጋገር እየደገመ ቅላጼውን ለወራት ገራው። በሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ አዛውንት አይሁዳዊ አስተናጋጅ በየማታው ሥራ ሲያልቅ ጋዜጣ አስነበበው። ከዚያ እዚያው ወዳባረሩት ቴአትር ቤት ተመልሶ፣ ትምህርት እንዲሰጡት የጽዳት ሥራ ልሥራላችሁ አለ።

ይሄን ታሪክ ከኛ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? አባቶቻችን ዋሽንግተን ሲገቡ ዲግሪያቸውን አጣጥፈው ሳህን ያጠቡ አይደሉም? «ምን አልከኝ? ድገመው» እየተባሉ ቅላጼያቸውን የገሩ አይደሉም? ፖይቲየርን እንደ ባዕድ እያየን የሳቅነው እኛ የስደተኛ ልጆች መሆናችን ነው ያሳፈረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አሽከር የሚታወቀው በምኑ ነው? «እምቢ» ባለማለቱ አይደል? እንግዲያው የዚህን ሰው እምቢታዎች ቁጠሩልኝ።

በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛ ልጁ ልትወለድ ስትል፣ በሳምንት 750 ዶላር የሚከፈልበት ሚና መጣለት። ገጸ ባሕርዩ የጽዳት ሠራተኛ ነው። አንድ ወንጀል ያያል፣ ወንበዴዎቹ ልጁን ገድለው ግቢው ውስጥ ይጥሉለታል፣ እሱ ግን ዝም ይላል። ስክሪፕቱ ውስጥ ዘረኛ ስድብ የለበትም። ፖይቲየር ግን እምቢ አለ፤ ምክንያቱም የገዛ አባቱ እንዲህ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ከዚያ ለሚስቱ ወሊድ የሚከፈለውን ለማግኘት የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረ። ከ750 ወደ 75። አሽከር እንዲህ ያደርጋል?

በዚያው ዘመን፣ ኮሚኒስት እየተባለ ሰው በሚታደንበት ጊዜ፣ ወዳጆቹን ፖል ሮብሰንንና ካናዳ ሊን የሚያስክድ የታማኝነት ቃል ፈርም ተባለ። የሌሎች እንጀራ በዚያ ወረቀት ሲቆረጥ እያየ አልፈርምም አለ።

በ1964 ኦስካር ተሸለመ፤ በመሪ ተዋናይነት የመጀመሪያው ጥቁር። ከአራት ወር በኋላ ይሄ «የነጮች ውድ ልጅ» የት ነበር? ሚሲሲፒ። በዚያ ክረምት ጥቁሮችን ለምርጫ የሚያስመዘግቡ ሦስት ወጣቶች ተገድለዋል። ፖይቲየርና ሃሪ ቤላፎንቴ ለሚቀጥሉት ወጣቶች 70 ሺህ ዶላር በጥሬው ይዘው በትንሽ አውሮፕላን ግሪንውድ ገቡ። በሌሊት በመኪና ሲሄዱ የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች ተከታትለው ከኋላ እየገጩ አሳደዷቸው። ኦስካር በእጁ ያለ ሰው፣ መድረክ ላይ ጥሩ ንግግር አድርጎ ቤቱ መተኛት ይችል ነበር። እኛ ፕሮፋይላችንን ጥቁር አድርገን «ታግለናል» የምንል ሰዎች ነን እሱን የምንፈርደው።

ከዚያ 1967 መጣ። በአንድ ዓመት ሦስት ፊልም፤ «ቱ ሰር ዊዝ ላቭ»፣ «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት» እና ያ እኛ የሳቅንበት። አሁን እንደ ሻይ ቀዝቅዞ የሚታየን የጋብቻ ፊልም ሲቀረጽ፣ ጥቁርና ነጭ መጋባት በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ወንጀል ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያን ሕግ የሻረው ሰኔ 12 ቀን 1967 ነው። እኛ ሶፋ ላይ ተጋድመን የምንስቅባት ሜሪላንድ እንኳን የራሷን ሕግ የሰረዘችው በዚያው ዓመት ነው።

«ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት»ን በተመለከተ፣ ፖይቲየር ከሚሲሲፒ በኋላ ደቡብ ሄጄ አልቀረጽም ስላለ አብዛኛው ኢሊኖይ ውስጥ ተሠራ። እሱ መርማሪ ቨርጂል ቲብስ ነው። ፖሊስ አዛዡ በፊላደልፊያ ምን ብለው ይጠሩሃል ብሎ ሲያሾፍበት የሚመልሰው መልስ ዝነኛ ነው፤ ሚስተር ብለው ነው የሚጠሩኝ ይላል። እንግሊዝኛ «አንተ»ና «እርስዎ» የለውም፤ አንድ ቃል ለሁሉም ነው። እኛ ግን እናውቃለን። «አንተ» ተብሎ የማያውቅ ሰው በአደባባይ «አንተ» ሲባል ፊቱ የሚሆነውን እናውቃለን። ፖይቲየር በዚያች አንድ መልስ «አንተ» የሚለውን ሰውዬ «እርስዎ» እንዲል ነው ያስገደደው። ሳይሳደብ።

ጥፊውም አለ። የእርሻ ባለቤቱ ኤንዲኮት፣ ከተማዋ የምትፈራው ነጭ ሀብታም፣ አበቦቹ መካከል ቆሞ ቲብስን በጥፊ ይለዋል። ዓይን ሳይርገበገብ ቲብስ ይመልስለታል። ፖይቲየር ራሱ እንደተረከው፣ ፊልሙን ለመሥራት ሲስማማ ያ የመልስ ጥፊ በየትኛውም ቅጂ ላይ እንዳይቆረጥ ማረጋገጫ ጠይቋል። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ። የፖሊስ አዛዡን የሠራው ሮድ ስታይገር ምርጥ ተዋናይ ተባለ። ጥፊውን የመለሰው ፖይቲየርስ? ዕጩ እንኳን አልሆነም። ነጭ አሜሪካ የወደደችው ሰው ይሄ ነው እንግዲህ።

እዚህ ላይ የግሌን ላምጣ፤ ሳቁ ለምን እንዳልዋጠልኝ የገባኝ ይሄን ሳስታውስ ነው። አባቴ ለዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይሠራ ነበር። በየቀኑ ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚወጣው። የ15 ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ቅዳሜ አብሬው ሳለሁ አንድ ደንበኛ የመኪናውን ቁልፍ ወረወረለት፤ መሬት ላይ ወደቀ። አባቴ በዚያ በሚያምር ቀስ ባለ እንግሊዝኛው «ሰር፣ እባክዎ በእጄ ይስጡኝ» አለው። እኔ በሐፍረት ተቃጠልኩ። «ሰር» ማለቱን ለዓመታት ይቅር አላልኩትም።

ከዚያ ማታ በኋላ ግን የቀረውን አስታወስኩ። አባቴ አላጎነበሰም። እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ሰውየው ራሱ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አንስቶ እጁ ላይ እስኪያስቀምጥለት ድረስ። «ሰር»ን ሰማሁ፣ እጁን አላየሁም። ፖይቲየር ላይ የምናደርገውም ይሄንኑ ነው።

«ታዲያ ለምን እንደ ማልኮም አልሆነም?» ትሉኝ ይሆናል። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ትግል እንዲታገል የሚጠይቅ፣ ትግል ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው። ደግሞም ፖይቲየር ክሱን ሰምቶ አልተኮራመተም። በ1968 ስለ ጥቁሮች ፍቅር የሚያወራውን የ«ፎር ላቭ ኦቭ አይቪ»ን ታሪክ ራሱ ጻፈ። በ1972 «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር»ን ዳይሬክት አደረገ፤ ካውቦዮቹ ጥቁሮች፣ የሚያመልጡትም ከባርነት የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች ናቸው። በ1980 ያዘጋጀው «ስተር ክሬዚ» ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የሚወቀስበትን ስክሪፕት ከመቃወም አልፎ ብዕሩንም ካሜራውንም ራሱ ያዘ። ከሱ ኦስካር በኋላ ሁለተኛው ጥቁር መሪ ተዋናይ ዴንዝል ዋሽንግተን እስኪሸለም ግን 38 ዓመት ፈጀ፤ 2002 ድረስ። በሩን እሱ ዘግቶት ነው?

የሚያስፈራኝ የፖይቲየር ስም አይደለም፤ እሱ በ2022 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ ማንም የማይነጥቀውን ሥራ ትቶ ነው። የሚያስፈራኝ የኛ ልማድ ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሁሉ «ባንዳ»፣ የጮኸ ሁሉ «ጀግና»። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ። የሌላውን ዘመን ቁስል በስልካችን ጫፍ እየወጋን ደፋሮች የሆንን ይመስለናል። ማንም ምንም ሳያስከፍለን መጮህ ቀላል ነው። ፖይቲየር ዝቅ ባለ ድምፅ «እምቢ» ሲል የቤት ዕቃውን ነው ያስያዘው።

የፊልም ማታችን አሁንም አለ። ለሚቀጥለው ሳምንት «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት»ን መርጫለሁ። ያ ጓደኛዬም ይመጣል። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አበቦቹ ጋ ሲደርሱ ስልኩን እንዲያስቀምጥ።