ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ምን ጉልበት አለው?

ባለፈው ሳምንት፣ ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው ብለን ነበር። ነፋስ ጉልበት አለው፤ ገለባውን ከእህሉ ይለያል። ወራጅ ውሃ ጉልበት አለው፤ ወፍጮ ያዞራል። ይህን ሁሉም ተቀበለ። ነገር ግን በማታው ክፍል አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ የሚሄደውስ ይሁን። ገደል አፋፍ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ ጉልበት አለው ስትሉ ግን እንዴት እንመናችሁ?» አሉን። ደግ ጥያቄ ነው።

እስቲ ሙቀጫውን እንመልከት። እናቶች ዘነዘናውን ወደ ላይ ያነሡታል። ከዚያ ይወርዳል፤ በርበሬውንም ይደቁሳል። ዘነዘናው ይህን ጉልበት ከየት አመጣው? ካነሣው ክንድ ነዋ! ክንድ ያወጣው ጉልበት አልጠፋም። ዘነዘናው ላይ እንዳለ ታምቆ ቆየ፤ ሲወርድ ወጣ። (እርግጥ ነው፣ ጎበዝ ወቃጭ ወደ ታችም ገፋ ታደርገዋለች። እሱ ተጨማሪ ነው።) ከፍ ብሎ በመቀመጥ የሚገኘው እንዲህ ያለው ጉልበት እምቅ ጉልበት ይባላል። እምቅ ማለት የታመቀ፣ የተከማቸ ማለት ነው።

መጠኑስ እንዴት ይታወቃል? ዕቃው ሲከብድ ይበዛል፤ ከፍታው ሲጨምርም ይበዛል። 1 ኪሎ ዕቃ 1 ሜትር ከፍ ሲል ወደ 10 ጁል ያህል ያገኛል። ጁል የጉልበት መለኪያ ነው፤ ኪሎ የእህል መለኪያ እንደሆነ ሁሉ። አሁን እርሳስ አንሡ። ከምንጩ እስከ ቤት ድረስ ያለው ከፍታ 50 ሜትር ነው እንበል። 20 ኪሎ ውሃ ተሸክመን ወጣን። 20 ሲባዛ በ50፣ ሲባዛ በ10፣ 10,000 ጁል ይሆናል።

በቀጥታው አቀበት ብንወጣስ፣ በጠመዝማዛው መንገድ ብንዞርስ? ውሃው የሚያገኘው እምቅ ጉልበት እኩል ነው፤ የሚቆጠረው ከፍታው ብቻ ነውና። ይህን ስንል ሴቶቹ ሳቁብን። «ድካሙ ግን አንድ አይደለም» አሉ። ልክ ናቸው። ስሌቱ የሚቆጥረው ውሃው ያገኘውን ነው እንጂ ሰው ያፈሰሰውን ላብ ሁሉ አይደለም።

ሰው ሳይሸከመው ከፍ የሚል ውሃም አለ። ፀሐይ ውሃውን ታተንነዋለች፤ ደመና ይሆናል፤ በደጋው ላይ ይዘንባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ የያዘው እንዲህ ያለውን ውሃ ነው። ግድቡ 145 ሜትር ከፍታ አለው። 50 ጀሪካን ውሃ ማለትም 1,000 ኪሎ፣ 100 ሜትር ቢወርድ 1,000,000 ጁል ይሰጣል። ምንም ሳይባክን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ፣ አንዲት የ10 ዋት አምፑል ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት በላይ ያበራል።

ከቤታችን በላይ ያለው ተራራስ? አፈሩም እምቅ ጉልበት አለው። በደህና ቀን አፈሩ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ የዛፍ ሥርም ይዞት ይቆያል። ብዙ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ሰርጎ ይገባል። አፈሩ ይከብዳል፤ መያያዙም ይላላል። ያን ጊዜ ለዘመናት የታመቀው ጉልበት ባንዴ ይወርዳል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነው ይኸው ነው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ በነሱ ላይ መጣ።

ጎረቤት ሲቀበር ማን ቆሞ ያያል? አትሂዱ ልንል አንችልም። ነገር ግን አንዱ ናዳ ወረደ ማለት ላይ የቀረው ጉልበት አለቀ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሥር የደገፈው አፈር ስለሄደ፣ የቀረው ይበልጥ ለመውረድ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ። ሁለት ሰው ከናዳው መንገድ ወጣ ብሎ ተራራውን ይጠብቅ፤ አፈር ሲንቀሳቀስ ካየ ይጩህ። የሚሸሽም ሰው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሩጥ።

ክረምት ሲገባ ተዳፋቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። መሬቱ አዲስ ስንጥቅ አለው? ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም አጥር አዘመመ? የጠራው ምንጭ ባንዴ ደፈረሰ? የቤቱ በር አልዘጋ አለ? እነዚህን ካያችሁ ሌሊቱን እዚያ አትደሩ። ለቤት መሥሪያ ብሎ የተራራውን ግርጌ መቁረጥም ድጋፉን መንሣት ነው።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ 50 ኪሎ ጤፍ 3 ሜትር ከፍታ ባለው ቆጥ ላይ ተሰቀለ። ጤፉ ያገኘው እምቅ ጉልበት ስንት ጁል ነው? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ማክሰኞ ማታ አምጡ።