ወተት አቧራን ከሳንባ አያጥብም

በሲኒማ ራስ አካባቢ ባሉት መጋዘኖች እህል ሲበጠር፣ በርበሬ ሲፈጭና ጥጥ ሲነደፍ በበራፍ የሚገባው የፀሐይ ጨረር ከአቧራው ብዛት የተነሣ እንደ ጢስ ሆኖ ይታያል። ለሠራተኞቹ የሚያስብ ነጋዴ ወተት ያጠጣቸዋል፤ ወተት አቧራውን ከደረት ያጥባል ተብሎ ይታመናልና። አሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጽፎ ነበር።

ሕክምናው እንደ አቧራው ዓይነት ይለያያል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ሕመም በመጀመሪያው ጊዜ ከዕረፍት በኋላ ሰኞ ዕለት ደረትን በማፈን ይታወቃል፤ ሠራተኛው ያን ጊዜ ከብናኙ ቢለይ ይሻለዋል። የእህልና የቅመም ብናኝ የቀሰቀሰው አስም በአፍ በሚሳብ መድኃኒት ይታገሣል። የድንጋይ ብናኝ ያጠጠረውን ሳንባ ግን ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት አልተገኘም፤ የሐኪም ድርሻ ትንፋሽን የሚያቀል መድኃኒትና ኦክሲጂን መስጠት፣ ተከትሎ የሚመጣውንም የሳንባ ነቀርሳ መርምሮ ማከም ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና የሚጀምረው ከመጋዘኑ ነው። ይኸውም ወፍጮውን መክደን፣ አቧራ የሚስብ ማራገቢያ መትከል፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በርጥብ ማጽዳት፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚይዝ የአቧራ መከላከያ መስጠት ነው። በአፍ ላይ የሚታሠር ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያግድም።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው የሚል ነጋዴ አይታጣም። እውነት ነው። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ጤንነት የመጠበቅን፣ በሥራ ምክንያት ለመጣ በሽታም የማሳከምን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የሚያስለውን የቀን ሠራተኛ አሰናብቶ በማግሥቱ ሌላ መቅጠር ዕዳውን ወደ ድኻ ቤት ማዛወር እንጂ መክፈል አይደለም። በጊዜው ሐኪም ዘንድ የተላከ ሠራተኛ ለቤተሰቡም ለንግድ ቤቱም ይተርፋል።

ወተቱ አይቅር፤ ነገር ግን በማራገቢያው ፈንታ አይቆጠር።