ጨዋታ እኮ ነው ለሚሉ ሰዎች

ሰው በንግዱ ቢያታልል ቀጣፊ ይባላል፤ በፈተና ቢያታልል ኮራጅ ይባላል፤ በምስክርነት ቢያታልል ሐሰተኛ ይባላል። በጨዋታ ያታለለ እንደ ሆነ ግን ስም አይወጣለትም። እንዲያውም ነገሩን የሚነቅፍ ሰው ቢነሣ፥ «ጨዋታ እኮ ነው፤ ምን አስቆጣዎት?» ይሉትና ጥፋተኛው እርሱ ሆኖ ያርፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህች «ጨዋታ እኮ ነው» ከምትባል አነጋገር ጋራ ነው። አጭር ናት፤ ዳሩ ግን ብዙ ነገር ተሸክማ ታልፋለች።

በዲላ ከተማ በቡና ቤቱም፥ በመናኸሪያውም፥ በዩኒቨርሲቲው ደጃፍም ወጣቶች በየስልካቸው ላይ አጎንብሰው ይታያሉ። ይህን አይቶ ትውልዱ ጠፋ የሚል ሽማግሌ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ማኅበር አይደለሁም። ካጎነበሱት መካከል አንዳንዶቹ የሚጫወቱት የቃላት ጨዋታ መሆኑን ጠይቄ ተረድቻለሁና። ፊደል ገጣጥሞ ቃል መሥራት፥ የተሸሸገውን ቃል መገመት፥ በቴሌግራም ለሚቀርብ ጥያቄ ቀድሞ መመለስ፥ ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው። የጌዴኦ ልጅ በቤቱ ጌዴኡፋ ይናገራል፤ በገበያ አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠበቅበታል። አንዱን በላቲን ፊደል፥ አንዱን በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። እንዲህ ላለ ልጅ ቃልን በጨዋታ ከመልመድ የሚሻል መንገድ በማስተማር ሥራዬ ዘመን አላየሁም። ስለዚህ ጠቤ ከጨዋታው ጋራ ሳይሆን ጨዋታውን ከሚያበላሹት ጋራ ነው።

ብልሽቱ እንዴት እንደሚሆን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ስክራብል የሚባለውን ጨዋታ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፥ ሥራ ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ፈለሰፈው። በጋዜጣ ላይ የትኛው ፊደል ብዙ ጊዜ እንደሚመጣ ቈጥሮ፥ ለብርቁ ፊደል ብዙ ነጥብ፥ ለተራው ጥቂት ነጥብ ሰጠ። የእንግሊዝኛው ጨዋታ 100 ጠጠር አለው፤ ተጫዋቹ 7 ጠጠር ይይዝና ከያዘው ቃል ይሠራል። ዛሬ ይኸው ጨዋታና ወንድሞቹ ሁሉ በስልክ ውስጥ ገብተዋል። አንዱ በዲላ፥ ሌላው በናይሮቢ ተቀምጦ ይጋጠማል። ሰው ፊት ለፊት ሲጫወት ተጋጣሚው እጁንም ዐይኑንም ያያል፤ በስልክ ግን የሚታየው ቃሉ ብቻ ነው። ቀጣፊው ይህን ጊዜ ሰባቱን ፊደሎች ወስዶ ቃል ለሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም ከሁሉ የሚበልጠውን ቃል በቅጽበት ያወጣለታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይህም ድካም ቀርቶ፥ ጥያቄውን እንዳለ ገልብጦ መስጠት ይበቃል።

አንድ ወጣት በዚህ ዐይነት ሲያሸንፍ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። የሠራውን ቃል ትርጕም ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ እሱን ስልኩ ነው የሚያውቀው» አለኝ። እየሣቀ ነበር የመለሰልኝ። ከመቅጠፉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ሣቅ ነው፤ የሚያፍር ሰው ነገ ሊታረም ይችላልና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሶምሶንን ታሪክ ስንማር መምህሮቻችን የሚያተኩሩት በጕልበቱ ላይ ነበር። ለኔ ግን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ የእንቆቅልሹ ነገር ነው። ሶምሶን በተምና በሰርጉ ላይ ለሠላሳ ሰዎች እንቆቅልሽ አቀረበ፤ ሰባት ቀንም ሰጣቸው፤ መወራረጃው ሠላሳ የበፍታ ልብስና ሠላሳ ልውጥ ልብስ ነበረ። ሰዎቹ ማሰብ ሲያቅታቸው ሙሽራዪቱን በእሳት እናቃጥልሻለን ብለው አስፈራሯት፤ እርስዋም ባልዋን በልቅሶ አድክማ ፍቺውን አወጣችላቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሰጡት መልስ ትክክል ነበረ። አንዲት ቃል እንኳ አልጎደለችውም። ሶምሶን ግን መልሱ ከነርሱ ልብ እንዳልወጣ ወዲያው ዐወቀ። ከዚያ በኋላ ለመወራረጃው ዕዳ በአስቀሎና ሠላሳ ሰው ሞተ፤ ጋብቻው ፈረሰ፤ ሙሽራዪቱና አባትዋም በፍጻሜው በዚያው በፈራችው እሳት ጠፉ። ይህ ሁሉ የመጣው በሰርግ ቤት ጨዋታ ነው።

ትክክለኛ መልስና የራስ መልስ ሁለት ነገሮች ናቸው። ኮራጅ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «መልሱ ልክ ከሆነ ከየት መጣ ምን ያደርጋል?» ይላል። ጨዋታው የተሠራው ግን መልሱን ለማግኘት አይደለም። መልሱማ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ እርሱን ለማወቅ ጨዋታ አያስፈልግም። የተፈለገው የአንተ ልብ መልሱን ፍለጋ መውጣቱ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበር። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ፍቺው ያቃተው እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ ያላወቀው ልጅ ጎንደርንም ሐረርንም፥ የኛ አገር ልጅ ከሆነም ይርጋ ጨፌን ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ፥ ገብቶበት እንደ ንጉሥ ተቀምጦ፥ ያላወቀውን ሰው በስድብ ግጥም እያሣቀበት ፍቺውን ይነግረዋል። ይህ ሥርዐት ለልጅ ማዘናጊያ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አለማወቅን በሰው ፊት «አላወቅሁም» ብሎ ማመን ዋጋ እንዳለው፥ ዋጋውም አገር የሚያህል እንደ ሆነ፥ ግን ከፍለውት እየሣቁ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ እንደሚቻል ያስተምራል። በስልክ የሚጫወተው ቀጣፊ አገር መስጠት የማይወድ ሰው ነው። አገር ያልሰጠ ደግሞ ፍቺውን ከጠያቂው አፍ አይሰማምና ሳያውቅ ይቀራል።

የቅኔ ቤቱን ሕግ ደግሞ እንይ። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ስለ ሆነ ከዋሸራም ከጎንጅም ከዋድላም ደጅ አልጠናሁም፤ ነገር ግን ሕጉን የማያደንቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቈጥራል፤ ለመምህሩም ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። ትናንት የተሰማ ቅኔ ዛሬ ቢደገም ነውር ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ከነውርም ነውር ነው። ስልክና ኢንተርኔት ሳይኖር ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገው ለምን ይሆን? ሰው ቃል በመስረቅ እንደሚደነቁር ስለ ታወቀ ነው።

«ጋሼ፥ ይህ ሁሉ ስለ ነጥብ ነውን?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስለ ነጥብ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተሰርቆ ስለ ወጣ ተሰርዞ እንደ ገና መሰጠቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኩረጃና የፈተና ስርቆት እየበረታ ሄዶ፥ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። የዚህን ውድቀት ዕዳ ሁሉ በተማሪው ላይ አልጭንም። ጦርነት ነበረ፤ በሽታ ትምህርት ቤት አዘግቶ ነበረ፤ መጽሐፍ ያልደረሰው ነበረ፤ ሳያስተምር ደመወዝ የሚበላ መምህርም ነበረ። ዳሩ ግን ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ መልስ መቀበል የለመደ ልጅ፥ ጎረቤቱ ሲወሰድበት ባዶ እጁን እንደሚቀር ያ ዓመት አሳይቶናል። ያ ልማድ የሚጀመረው ደግሞ ማንም በማይቈጣበት፥ ማንም በማይቀጣበት ቦታ ነው፤ ከጨዋታ የተሻለ እንዲህ ያለ ቦታ ከወዴት ይገኛል?

ሁለተኛው ምክንያታቸው «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ነው። የሚያደርጉት ብዙዎች መሆናቸውን አልክድም፤ ባሕር ማዶም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦርላንዶ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ የስክራብል ሻምፒዮና አንድ ለጋ ወጣት ባዶ ጠጠሮችን ሸሽጎ ተገኝቶ ከውድድሩ ተባረረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ስሙ የገነነ እንግሊዛዊ ተጫዋች ያወጣውን ጠጠር በእጁ እንደ ያዘ እጁን ወደ ከረጢቱ መልሶ ሌላ ጠጠር ያወጣል ተብሎ ለሦስት ዓመት ታገደ። ሆኖም ከነዚህ ታሪኮች የምንማረው ሁሉም ያደርገዋል የሚለውን አይደለም። የተያዙት ሰዎች ተባረዋል፤ ታግደዋል፤ ጨዋታ እኮ ነው ያለላቸው የለም።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱንም በአጭሩ ልለፈው። አንዳንዱ የስልክ ጨዋታ ራሱ ፍንጭ በገንዘብ ይሸጣል። ሁለቱም ተጋጣሚዎች ይህን ዐውቀው ከገቡበት ማታለል አልለውም፤ ሕጉ ፈቅዷልና። ግን ለቡና ለቀማ ተከፍሎት ያገኘውን ብር ለአንዲት ፊደል ፍንጭ የሚከፍል ወጣት ሳይ፥ ፍንጩን ከሚሸጠው ድርጅት ይልቅ እኛን ወላጆቹን እታዘባለሁ።

እንግዲህ ያለ ማጭበርበር ማሸነፍ ይቻላልን? ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ የዓለም የእንግሊዝኛ ስክራብል ሻምፒዮን የሆነው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነው፤ ከአፍሪካም የመጀመሪያው እርሱ ነው። የናይጄሪያ ተጫዋቾች የሚታወቁት አጫጭር ቃላትን አጥብቀው በማጥናታቸው ነው። በዚያው ዓመት ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ መናገር ሳይችል የፈረንሳይኛውን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ የቃሉን መዝገብ ለዘጠኝ ሳምንት ገደማ አጥንቶ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በስጳንያ አገር በግራናዳ የስፓኒሽኛውን የዓለም ውድድር እንደዚሁ አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ሰው ዕውቀት ለኔ ብዙ አያስቀናኝም፤ ትርጕሙን ሳያውቁ ቃል መሸምደድ ቍልፍ ሰብስቦ በር እንደ ማጣት ነው። ነገር ግን ቍልፎቹን የሰበሰበው በራሱ እጅ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም።

ወጣቶች እንዴት እንሻሻል ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ብዙ ምስጢር የለውም። በእንግሊዝኛው ጨዋታ የተፈቀዱት ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ከመቶ ጥቂት ይበልጣሉ፤ በቀን አምስት ቢያጠኑ በወር ውስጥ ያልቃሉ። በአማርኛ ለሚጫወት ደግሞ ሥሩን መያዝ ነው። «ሰበረ»ን የያዘ ልጅ ሰባራን፥ ስብራትን፥ ስባሪን፥ መስበሪያን፥ ተሰባሪን ያለ ችግር ያወጣል። ከሚበልጠው ሰው ጋራ ይጫወት፤ ይሸነፍም። ያሸነፈውን ቃል በደብተር ይጻፍ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ መዝገበ ቃላቱን ይግለጥ። መዝገበ ቃላት በጨዋታው መካከል ቢገለጥ ስርቆት ነው፤ ካለቀ በኋላ ቢገለጥ ትምህርት ነው። መጽሐፉ አንድ ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው። ዎርድል የሚባለው፥ ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ የሚገመትበት ጨዋታ፥ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ከተወደደበት ምክንያት አንዱ በቀን አንድ ቃል ብቻ መስጠቱ ነው። የቀኑን መልስ ከሌላ አግኝቶ በሁለተኛ ሙከራ ዐወቅሁ እያለ ለጓደኞቹ የሚልክ ሰው፥ ቀኑን ሙሉ ሊያስብበት የተሰጠውን አንድ ቃል በሐሰት ለወጠው።

በፊደላችን ለሚጫወቱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ዲቃሎቹን ሳይጨምር 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ሀሌታው «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፥ እሳቱ «ሰ» ከንጉሡ «ሠ» ጋራ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ትክክል ያለውን ሌላው ስሕተት ይለዋል። በዚህ ምክንያት ጠብ ሲነሣ አይቻለሁ፤ ያጭበረበረ ሳይኖር ሁለቱም ወገን ሌባ ተባብለው ተለያዩ። ስለዚህ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ የሚፈርድበትን መጽሐፍ ይወስን። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አለ፤ ፊደሉን አጥብቆ ስለሚጠብቅ ለዳኝነት ይመቻል። በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ ለመቍጠር የፈለገም ይችላል፤ ግን ከውድድሩ በፊት ለሁሉም ይንገር።

በዲላ በስልክ ካርድ ሽልማት የቃላት ውድድር ለሚያዘጋጁ ወጣቶች ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው። ውድድሩ በስልክ ይሁን፤ ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ግን አሸናፊው በሕዝብ ፊት ቀርቦ ከሠራቸው ቃላት የሦስቱን ትርጕም ይናገር፤ በያንዳንዱም አንድ ዐረፍተ ነገር ይሥራ። አንዱ አዘጋጅ፥ «እንዲህ ከሆነማ ተወዳዳሪ አይመጣም» አለኝ። ስንት ይቀርልሃል ብለው፥ ጥቂት አስቦ፥ «ምናልባት አራት» አለ። ሦስቱ ሴቶች ልጆች ናቸው፤ አንዷ የምታጠናበትን ደብተር አይቻለሁ። ለነዚያ አራት ይዘጋጅላቸው።