ብልጭልጩ ፊደሉን እንዳይውጠው

በኮምፒዩተር በምናዘጋጃቸው የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ላይ የወርቅ ብልጭልጭ የሚመስል ጀርባ ማልበስ እየተለመደ መጥቷል። ይህን አጥብቀው የሚነቅፉ አሉ፤ መምህር የማስታወቂያ ሠራተኛ ነው እንዴ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የብልጭልጩ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ካርታ ስንሥል አንዴ ያረፈ ቀለም አይነሣም። ጊምፕንና ፎቶሾፕን የመሳሰሉ የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራሞች ግን «ሌየር» አላቸው። ሌየር ማለት በሥዕል ላይ እንደተነጠፈ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ነው፤ በአንዱ ላይ የተሠራው ሌላውን አይነካም። ፎቶሾፕ ይህን ያስገባው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ጊምፕ ደግሞ በነፃ ስለሚገኝ፣ ገንዘብ የለኝም ማለት ምክንያት አይሆንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በግራጫ ሌየር ላይ «ኖይዝ» በተባለው ትእዛዝ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ይበተናል። የሌየሩ ቅጂ ይወጣና 180 ዲግሪ ዞሮ «መልቲፕላይ» በሚባለው ስልት ከላይ ይደረባል። በዚህ ጊዜ በሁለቱም ላይ ነጭ የሆነው ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ የወርቅ ቀለም ሌየር በዚያው ስልት ሲጨመር ነጩ ወርቅ ይሆናል፤ ጥቁሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቆያል።

ታዲያ ዓይናችን ብልጭታ አየሁ የሚለው ከብሩሁ ነጥብ ጎን ጥቁር ስላለ ነው። ፊደል የሚያጠፋውም ይኸው ነው! በእኛ ፊደል «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ነጠብጣብ መሐል ከገባች ከኋላ የተቀመጠ የአንደኛ ክፍል ተማሪ በምን ይለያታል? በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲባዛማ ወርቁ ጠፍቶ የሚቀረው ግራጫ ጉድፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ብልጭልጩ ከዳር ለጠርዝ ብቻ ይዋል። ጽሑፉ የራሱ ሌየር ይኑረው፤ ከሥሩም ነጠላ ቀለም ይነጠፍ። ለማባዛት ሲፈለግ የብልጭልጩን ሌየር የዓይን ምልክት ተጭኖ መሰወር ነው። ሥራው በጄፔግ ብቻ ከተቀመጠ ሌየሮቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፤ በጊምፕ በራሱ ፋይል ማለትም በኤክስሲኤፍ ከተቀመጠ ግን እንደተለያዩ ይቆያሉ።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ለትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ብናስረክብ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ጽሑፉን ብቻ ለውጠው ይሠሩባቸዋል። መምህራኖቻችንም አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን ይበቃናል። ለጌጥ ብለን ፊደል አናጥፋ!