አሮጌ ልብስ ቀስት ሲያቆም

ደጋን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ደጋኑ ላይ ይጨርስና ስለ ዒላማው የሚያስበው በመጨረሻ ነው። ግቢው ውስጥ ያገኘውን ሳንቃ ወይም ኮምፔንሳቶ አቁሞ፣ ክብ ስሎበት ይተኩሳል። ይህ አደገኛ ነው። ቀስቱ ወይ ነጥሮ ወደ ተኳሹ ይመለሳል፣ ወይ እንጨቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲነቅሉት ይሰበራል። ቀስትን የሚያቆመው ጥንካሬ ሳይሆን ሰበቃ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ የታጨቀ ለስላሳ ነገር ዘንጉን ዙሪያውን ጨምድዶ ጉልበቱን ይጨርሰዋል።

ለዚህ የሚሆነው ዕቃ በአሜሪካ በምንኖር ሐበሾች ቤት ሞልቷል። የሚለበሰው ልብስ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ይግባ፤ የነተበውና የተቀደደው ግን ዒላማ ይሁን። ዚፕና ቁልፍ የተባለውን ሁሉ ቆርጦ ማውጣት ግድ ነው። ብረት የመታ የካርቦን ቀስት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ቀስት ደግሞ ዳግመኛ ሲተኮስ ተሰባብሮ እጅ ያቆስላል። የቀረውን ጨርቅ ትልቅ የሩዝ ጆንያ ውስጥ በእግር እየረገጡ መጠቅጠቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ የላላ ጆንያ ቀስቱን በሆዱ ያሳልፈዋል። አፉን ሰፍተው ሲያንጠለጥሉት ትንሽ ቢወዛወዝ አይክፋችሁ፣ መወዛወዙም ጉልበት ይበላል። ለአደን የተሠራ ስለታም ጫፍ ግን ጆንያውን ስለሚዘነጥለው አይተኮስበትም።

ካርቶንም ይሆናል። ጠፍጣፋ ቁራጮችን ደራርቦ በማሰሪያ ጠፍሮ፣ ቀስቱ በድርብርቡ መካከል እንዲገባ በጠርዙ በኩል መተኮስ ነው። ዝናብ ከነካው ግን አለቀለት፤ እኔ ጨርቁን እመርጣለሁ።

ርቀቱ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። በኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች 122 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዒላማ ላይ ከ70 ሜትር ስለሚተኩሱ፣ ጀማሪው በቅርብ መተኮስን እንደ ነውር ያየዋል። ኪዩዶ የሚባለው የጃፓን የቀስት ጥበብ ተማሪዎች ግን ማኪዋራ በሚባል የጭድ እስር ላይ ከ2 ሜትር ገደማ ብቻ እየተኮሱ አቋማቸውን ያርማሉ፤ ወደ 28 ሜትሩ የሚያልፉት ከዚያ በኋላ ነው። ጥበበኛ ሥርዓት ነው፤ ለጠባብ ግቢም ይስማማል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከዒላማው ጀርባ ያለው ነው። ባለመዘውሩ ኮምፓውንድ ደጋን ቀስቱን በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል። የጎረቤት ልጅ ከአጥሩ ማዶ ይጫወታል፣ የእንጨት አጥር ደግሞ መከላከያ አይደለም። የአፈር ቁልል ወይም ከላይ ብቻ ታስሮ ልቅ የተንጠለጠለ ወፍራም ምንጣፍ የሳተውን ቀስት ይይዛል፤ ምንጣፉን ግን አስቀድማችሁ በቅርብ ርቀት ፈትኑት። ቀስት ስትነቅሉም ዒላማው አጠገብ ዘንጉን ይዛችሁ በቀጥታ ሳቡ፣ ከኋላችሁ ሰው አይቁም።

ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያልና መጀመሪያ የምትኖሩበትን አስተዳደር ጠይቁ። ከጀርባው አስተማማኝ መያዣ የሌለው ግቢ ከሆነ ደጋኑን እዚያ አታንሡ፤ ማሠልጠኛ ሜዳ ፈልጉ።