መጋዙ ይቅር አልልም፤ ክዳኑ ግን ይመለስ



በአፍንጮ በር ግቢዎች የመጋዝ ጩኸት ከተለመደ ወዲህ ስለ እሱ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ልጆቹ ሥራ ያዙ፤ ተዉአቸው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጆሯችን ደነቆረ፣ ሰጋቱራው ባሰጣነው በርበሬ ላይ አረፈ፣ አንድ ቀንም የሰው እጅ መቆረጡ አይቀርምና ማኅበሩ ይከልክልልን» ይላል። እኔ በበኩሌ የሁለቱም ሐሳብ ጎደሎ መስሎ ይታየኛል። ሥራ የያዘ ሁሉ ይተው ከተባለ ጣቱን ሲያጣም ዝም ልንል ነው። መከልከልም ቢሆን መጋዙን ከበር ወደ ጓዳ ያስገባው እንደሆነ ነው እንጂ አያጠፋውም።

ደግሞስ እንጨት ሥራን ከዚህ አካባቢ ማን ያስወጣዋል? ሩቅ ሳንሄድ፣ ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእጅ ሙያተኞች ነው። የድሮዎቹ የፒያሳ ቤቶች በረንዳና ደረጃ በአናጢ እጅ የቆመ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ ሙያ ያስተምራል። የቁም ሣጥንና የአልጋ ዋጋም የሚታወቅ ነው። በርጩማና መደርደሪያ በቤቱ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ እንደ ጥፋተኛ ሊታይ አይገባም።

ነገሩ ያለው መጋዙ ላይ ነው። በግቢያችን የሚታየው አብዛኛው የጠረጴዛ መጋዝ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ አይደለም። ጠረጴዛው መሐሉ ላይ ይቀደዳል፣ የእጅ ሰርኩላር ከሥሩ ተገልብጦ ይታሰራል፣ ጣት ሲለቀው እንዲጠፋ የተሠራው መጫኛ ደግሞ እንዳይለቅ በሽቦ ወይም በፕላስተር ይጠፈራል። ሰርኩላር ያላገኘው ግራይንደር ያስርበታል። ይኼ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ የእንጨት ዲስክ ግን ስንት ዙር እንደሚችል ራሱ ላይ ተጽፎበታል፤ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ትልቁን ዲስክ ለማስገባት ሲባል ደግሞ የግራይንደሩ መከላከያ ይወልቃል። እንዲህ ያለውን ነገር መጋዝ ብሎ መጥራትም ይከብዳል።

በደንብ የተሠራውም ቢሆን ምን ያህል እንደሚፈጥን እናስላው። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 2,850 ጊዜ ሲዞር፣ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ በሰከንድ 37 ሜትር ይጓዛል። በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪስብ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ 9 ሜትር የጥርስ ሰልፍ ጣቱ ላይ ያልፋል። እንግዲህ «እኔ ፈጣን ነኝ፣ እጄን እስባለሁ» የሚል ወንድም ካለ ይህን ሒሳብ ደግሞ ይሥራው።

ብዙ ሰው የሚፈራው እጁ ሸርተት ብሎ ዲስኩን መንካቱን ነው። ሠሪውን የሚያስደነግጠው ግን ብዙ ጊዜ እንጨቱ ራሱ ነው። የዲስኩ የፊት ጥርሶች እንጨቱን ወደ ታች ይጫኑታል፤ የኋላዎቹ ግን ወደ ላይ እየወጡ ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ከኋላ ተመልሶ ዲስኩን ከነከሰው፣ እነዚያ ጥርሶች ያነሡትና ወደ ሠሪው ይወረውሩታል። ጣውላው ሆድ ይመታል፣ በዚያው ቅጽበት ይገፋ የነበረው እጅ ደግሞ ወደ ዲስኩ ይሳባል። ይህ በእኛ አገር እንጨት ይብሳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባልን ባሕር ዛፍ፣ ውለታው ብዙ ቢሆንም፣ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው። ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይፈታና ሁለቱ ወገን ወይ ይበረገዳል ወይ ተመልሶ ይገጥማል። እርጥብ ከሆነማ አይነሣ! ከዲስኩ ኋላ ቀጥ ብላ የምትቆመው ስስ ብረት የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ የተሰነጠቀው እንዳይገጥም ትለያየዋለች። እሷን «ሥራ ታጓትታለች» ብሎ የሚፈታት ሰው ሥራው ምን እንደሆነ አልገባውም ማለት ነው። ሠሪውም ከእንጨቱ ትይዩ አይቁም፤ ትንሽ ወደ ጎን ይበል።

የአሮጌ ጣውላ ነገር ደግሞ አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ ከድሮ ቤት የወጣ ጣውላና ሞራሌ እጁ የገባ ሰው ጥቂት አይደለም። የደረቀ፣ ጥሩ እንጨት ነው፤ ለማገዶ ከሚሆን ለብፌ ቢሆን እመርጣለሁ። ግን በውስጡ ራሱ የተቆረጠ ሚስማር ቀብሮ ይዟል። ዲስኩ ሚስማር ሲያገኝ የተሰበረው ጥርስ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ማግኔት አንሥቶ ጣውላውን ከላይ እስከ ታች መዳበስ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። መነጽርም ይደረግ።

ክዳኑን ለምን እንደሚያወልቁት ጠይቄ የማገኘው መልስ «በስልክ ያየሁት ሰውዬም ክዳን የለውም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የለውም። ካሜራው ዲስኩን እንዲያሳይ አውልቆት ነው እኮ! አንዳንዱም ይህንኑ በጽሑፍ ይናገራል፤ ጽሑፉን ግን ማን ያነባል።

አሁን የእኛን የራሳችንን ጣጣ ላንሣ። መብራት ይጠፋል። መጋዙ እየዞረ ሳለ ይቆማል። ሠሪው «እስኪመጣ» ብሎ ቡና ሊጠጣ ይገባል፣ ማብሪያው ግን እንደተከፈተ ነው። ግቢው ደግሞ የአምስት የስድስት አባወራ ነው። ልጆች ኳሳቸውን ሊያነሡ ከጠረጴዛው ሥር ይገባሉ፣ አንዷ እናት ልብስ ልታሰጣ ታልፋለች። ድንገት መብራት ይመጣል። ማንም ሳይነካው ዲስኩ ይነሣል። የፋብሪካ መጋዝ ለዚህ የሚሆን ማብሪያ አለው፤ መብራት ሲቋረጥ ራሱ ይዘጋል፣ ሰው እንደገና ካልተጫነውም አይነሣም። በሽቦ የታሰረው መጋዛችን ይህ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ይህን ነው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱ ይነቀል። ይዘጋ ብቻ አላልኩም፣ ይነቀል። ሠሪው ከረሳ ጎረቤት ይንቀለው፣ «ምን አገባህ» የሚለው ሰው ቢኖርም ይንቀለው።

ሌላው ትንንሽ የሚመስል ነገር ነው። የጠዋቱ ብርድ ቢከብድም ጋቢ ለብሶ፣ የነጠላ ጫፍ አንጠልጥሎ ወይም ጓንት አድርጎ መጋዝ ፊት መቆም አይቻልም፤ ዲስኩ ጨርቁን ከያዘ እጁን ተከትሎ ይስባል። ዲስኩ ከእንጨቱ በላይ በጥርሱ ቁመት ያህል ብቻ ይውጣ። የመጨረሻውን ጭረት በጣት ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ነው የሚገፉት። መግፊያው ከቁርጥራጭ የሚሠራ ነውና ገንዘብ የለኝም አይባልም።

የሠለጠነ አገርም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድቶ ወደ ሕክምና የሚሄደው ሰው በዓመት ከ30,000 በላይ ይገመታል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ጣታቸውን ያጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ስቲቭ ጋስ የሚባል የፊዚክስ ምሁር የሰው ሥጋ ሲነካው በሰከንድ 200ኛ ያህል ጊዜ ውስጥ የሚቆም መጋዝ ፈለሰፈ፤ በጣት ፈንታ ቋሊማ እያስጠጋም አሳየ። የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ዋጋው ለእኛ አይቀመስም፣ በጣም እርጥብ እንጨትም ሥጋ እየመሰለው ይቆማል። በባሕር ዛፍ ላይ ውሎ ማደሩን እጠራጠራለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። በግቢው ለራሱ የሚሠራው ሰው ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ማን ይጠይቀዋል? ጎረቤቱ ካልሆነ ማንም። የእኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በጋራ ገዝተው የለም ወይ? አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ሁላችንም ችለነዋል። እንደዚሁ ማኅበሩ አንድ ደህና መጋዝ ይግዛ፤ ክዳኑ፣ መለያ ብረቱና ራሱ የሚዘጋ ማብሪያው የተሟላ፣ በሚቆለፍ ክፍል የሚቀመጥ። መሰንጠቅ የፈለገ በተወሰነ ሰዓት መጥቶ፣ ትንሽ ከፍሎ ይሰንጥቅ። መላጉን፣ መግጠሙንና ማጣበቁን በቤቱ ይጨርስ፤ እነዚያ ሥራዎች ጎረቤት አያስጮኹም። ጩኸቱም ሰጋቱራውም ከበርበሬያችን ይርቃል። ወጪውን ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ ይነሣል፣ መነሣትም አለበት። መልሱ ግን እያንዳንዱ ለየራሱ የታሰረ ግራይንደር ከሚገዛበት ገንዘብ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም።

ያ እስኪሆን አደጋ ቢደርስ፣ ቁስሉ ላይ ቡና አይነስነስ። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጁን ከፍ ማድረግ። የተቆረጠ ጣት ካለ ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፌስታል ይታሰር፤ ፌስታሉ በረዶ ላይ ይቀመጥ እንጂ ጣቱ ራሱ በረዶ አይንካ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ እሳትና አደጋ በ939 ይጠራል። የካቲት 12 ሆስፒታልም ቅርባችን ነው።

በጋራ መጋዙ ሐሳብ የምትስማሙም የምትቃወሙም ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተያየታችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። በቤታችሁ መጋዝ ያላችሁ ደግሞ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ የትኛው ዓይነት እንደሚሻል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።