በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር፣ በሳምንታት ሜትሮች፦ የስምጥ ሸለቆው እንቅስቃሴ በስበት ልኬት ሲታይ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በአዋሽ፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ማስነሣቱ፣ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ መሰማቱ ይታወሳል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ በአፋር የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። እነዚህን ክስተቶች ተከትሎ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ቆይተዋል። አንደኛው አህጉሪቱ በቅርቡ ለሁለት ትከፈላለች የሚለው ሲሆን፣ ይህ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚጠይቅ ሂደት በመሆኑ መሠረት የለውም። ሁለተኛው፣ እንቅስቃሴው በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አያሳስብም የሚለው ግን እውነትን የያዘ በመምሰሉ ይበልጥ ያሳስታል።

በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች በዓመት በአማካይ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በአፋር ፍጥነቱ ወደ 2 ሳንቲሜትር ያድጋል። ሆኖም መሬት ይህን አማካይ ጠብቃ አትጓዝም። በመስከረም 1998 ዓ.ም በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት ወደ ቅርፊቱ ሰርጎ በመግባቱ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስፍራ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ይህም የ400 ዓመታት ያህል እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ እንደ መፈጸም ነው።

ለምን በዚህ መልክ እንደሚሆን ለመረዳት የስበት ልኬት ጠቃሚ ነው። የልኬቱ አሐድ የሆነው ሚሊጋል ከምድር ስበት አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። የከፍታ ልዩነትና የተራሮች ተጽዕኖ ተቀንሶ ሲሰላ፣ ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚወፍርበት ደጋው ላይ ስበቱ ከሚጠበቀው ያንሳል፤ ወፍራሙ ቅርፊት ከሥሩ ካለው አለት ይቀላልና። በስምጥ ሸለቆው እምብርት ግን ከግራና ቀኙ ይልቅ ከፍ ይላል። ምክንያቱም በዚያ ሰርጎ የቀዘቀዘው ቅልጥ አለት ከአካባቢው አለት የከበደ ነው። በሰሜን ዳናክል ቅርፊቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ይሳሳል።

ጭነትና ስበት ተነጻጽረው የሊቶስፌሩ ጥንካሬም ይገመታል። ወፍራም ሳንቃ ሸክሙን ወደ ዳርና ዳር ያከፋፍላል፤ ስስ ሳንቃ ከሸክሙ ሥር ይጎብጣል። የስምጥ ሸለቆው ሊቶስፌር በሙቀት የላላ፣ እንደ ስሱ ሳንቃ ያለ ነው። ለዘመናት የተጠራቀመውን ውጥረት ቅልጥ አለት በአጭር ጊዜ ሰንጥቆት የሚያልፈውም በዚሁ የተነሣ ነው።

ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ የሚዘረጋ መንገድ፣ የሚገነባ ግድብም ሆነ ፋብሪካ ዓመታዊውን አማካይ መነሻ አድርጎ ሊነደፍ አይገባም፤ ሊታሰብበት የሚገባው በአንድ ወቅት ሊደርስ የሚችለው መከፈት ነው። ለዚህ የአንድ ጊዜ የስበት ካርታ አይበቃም። በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ በየጊዜው የሚደጋገም የስበት ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር ሲጣመር፣ የመሬቱን ገጽ ያሳበጠው ጋዝና ሙቅ ውኃ ይሁን ወይስ አዲስ የመጣ ቅልጥ አለት ለመለየት ያግዛል። ነዋሪን ለማስነሣት ለሚወስን አስተዳደር ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው።